«በርታ» የማይሉት የጃፓን የማበረታቻ ዘፈኖች

በትዝታ ያደገ ጆሮ ይህን ዘፈን ሲሰማ ቀጥ ይላል። ጃፓንኛ አለማወቅ አይከለክልም። ዜማው ገና ሲጀምር «ይህን የት ነው የማውቀው?» ያሰኛል። ዘፋኙ ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላውም። አንዷን ፊደል ይጎትትና ሁለት ሦስት ቦታ ይሰብራታል፤ ልክ ሲቃ የያዘው ሰው እንደሚያወራው። መሀል ላይ ደግሞ ቃሉን ትቶ ያፏጫል።

ዘፈኑ «ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮ» ይባላል። «ቀና ብለን እንሂድ» እንደማለት ነው። ኪዩ ሳካሞቶ በ1961 ዘፈነው። እዚህ የማነሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጆሯችን አልተሳሳተም። ጃፓኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የምዕራባውያኑን ባለ ሰባት ድምፅ ስልት ሲማሩ፣ አራተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ የተወ የራሳቸውን ቅኝት አበጁ። «ዮናኑኪ» ይሉታል፤ አራትና ሰባት የሌለበት ማለት ነው። የሚቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ ናቸው። እነዚህ አምስቱ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ማይነሩም ከትዝታ ማይነር ጋር ድምፅ ለድምፅ ይገጥማል። አንዱ ከሌላው የወሰደው ነገር የለም። ሁለት የሚራራቁ ሀገሮች ናፍቆታቸውን የሚዘፍኑበት መሰላል አንድ ሆኖ ተገኘ እንጂ። የሳካሞቶም ዘፈን በአብዛኛው በዚሁ መሰላል ላይ ነው የሚወጣው፣ የሚወርደው።

ግጥሙን ስንሰማ ግን ግራ እንጋባለን። ሰውዬው ማታ ለብቻው እየሄደ ነው። ቀና ያለው ኮርቶ አይደለም፤ እንባው እንዳይወርድ ነው። ኮከብ ይቆጥራል። በእንባ ስለሚያያቸው ኮከቦቹ ብዥ ብለዋል። ደስታ ያለው ከደመናው በላይ ነው ይላል፤ እሱ ግን ታች መንገዱ ላይ ነው። ዘፈኑ አልቆም ሰውዬው ያው ብቻውን ነው። ምንም የተፈታለት ነገር የለም።

ጃፓን ውስጥ ሰው ሲከፋው፣ ሀገር ስትናወጥ የሚነሳው ይኸው ዘፈን ነው። በ2011 የሰሜን ምሥራቁ ክፍል በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ሲመታ፣ ታዋቂ ዘፋኞችና ተዋናዮች እየተቀባበሉ በቴሌቪዥን የዘፈኑት እሱን ነበር። ታዲያ እያለቀሰ የሚሄድ ሰው ሌላውን እንዴት ያበረታል? እኔን የጃፓን ዘፈኖች ውስጥ የከተተኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ከጻፈው ሰው እንጀምር። ግጥሙ የሮኩሱኬ ኤይ፣ ዜማው የሃቺዳይ ናካሙራ ነው። በ1960 ጃፓንና አሜሪካ የጸጥታ ስምምነታቸውን ሲያድሱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ለተቃውሞ አደባባይ ወጥቶ ነበር። ኤይም ከመሀላቸው ነበር። ስምምነቱ ጸደቀ። ኤይ ልቡ ተሰብሮ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ የተሰማውን ነው በኋላ ግጥም ያደረገው። ሲጽፈው ግን ፖለቲካውን አወጣው። ሰውዬው በምን እንዳለቀሰ አልነገረንም። እኔ ትልቁ ብልሃት ይሄ ይመስለኛል። ፍቅረኛው የተለየችውም፣ ፈተና የወደቀውም፣ ቤቱን ሱናሚ የወሰደበትም «ይሄማ የኔ ነው» ይላል።

በ1963 ዘፈኑ አሜሪካ ገባ። በጃፓንኛ እንደተዘፈነ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ ሦስት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ስሙ ለፈረንጅ አፍ ስለከበደ «ሱኪያኪ» ተብሎ ተሸጠ። ሱኪያኪ የበሬ ሥጋ ምግብ ነው፤ ከዘፈኑ ጋር አይተዋወቁም። ትዝታን «ጥብስ» ብሎ እንደመሸጥ ነው፤ እኔን እስካሁን ይቆረቁረኛል። ሳካሞቶ ነሐሴ 1985 በደረሰው የጃፓን አየር መንገድ አደጋ ከሌሎች 519 ሰዎች ጋር ሞተ። 43 ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ፉጨት ለጃፓኖች ሌላም ነገር ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አንዲት ቃል አለች፤ «ጋንባሬ»። ጃፓን ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ትሰማለች። ተማሪ ፈተና ሲገባ ጋንባሬ ነው። ሯጭ ሲደክመው ጋንባሬ ነው። በአማርኛ ሲመጣ «በርታ» ወይም «ጠንክር» ነው። ጥሩ ቃል ናት፤ ሰዎቹም ከልባቸው ነው የሚሏት።

ችግሩ «በርታ» ሥራ ነው የሚሰጠው። «ገና አልበረታህም» የሚልም ይመስላል። ጃፓን ውስጥ ድብርት የያዘውን ሰው ጋንባሬ አትበሉት የሚለው ምክር በሰፊው የታወቀ ነው። ከ2011ዱ ሱናሚ በኋላም ቤተሰባቸውን ያጡ፣ መጠለያ ውስጥ ያሉ ሰዎች ቃሏ ትከብደን ጀመር ብለዋል። ከአቅማቸው በላይ በርትተው ነው እዚያ የደረሱት። ከዚህ በላይ ምን ያድርጉ?

እዚህ ላይ የአማርኛ ተናጋሪ ጉዳዩን ቶሎ የሚረዳ ይመስለኛል። እኛ «በርታ» እና «አይዞህ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉን። ልቅሶ ቤት ገብቶ «በርቱ» የሚልም አለ፤ ትከሻ ይዞ «አይዞሽ» የሚልም አለ። «አይዞሽ» ምንም አታዝዝም። አጠገብ ትቀመጣለች። እኔ እንደሚመስለኝ ጃፓንኛ ይህችን የሚተካ አንድ ቃል የለውም። ስለዚህ የ«አይዞሽ»ን ሥራ በዘፈን ነው የሚሠሩት።

በቃሏ ላይም ትንሽ ለውጥ አድርገዋል። ጥር 17 ቀን 1995 ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ46 በፈረንጆቹ ሰዓት፣ ሰው ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ፣ ኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። 6,434 ሰው ሞተ። በዚያ ዓመት የከተማዋ የቤዝቦል ቡድን ኦሪክስ ብሉዌቭ ማሊያው ላይ «ጋንባሮ ኮቤ» ብሎ ጽፎ ተጫወተ። ጋንባሬ አይደለም፤ ጋንባሮ ነው። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ሮ» ተናጋሪውን ራሱን ታስገባዋለች። «ኮቤ ሆይ በርቺ» ሳይሆን «ኮቤ ሆይ እንበርታ» ይሆናል። ወጣቱ ኢቺሮ ሱዙኪ የነበረበት ያ ቡድን በዚያው ዓመት የሊጉን ዋንጫ በላ። በ2011 ደግሞ «ጋንባሮ» እንደገና በየግድግዳውና በየባቡር ጣቢያው ተለጠፈ።

እዚያው ኮቤ ውስጥ ማኮቶ ኡሱይ የሚባል የአንደኛ ደረጃ የሙዚቃ መምህር ነበረ። መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ አንድ ዘፈን ጻፈ። «ሽያዋሴ ሃኮቤሩ ዮኒ» ይባላል፤ «ደስታን እንድናደርስ» ማለት ነው። ግጥሙ ቀላል ነው፤ ሕፃናት እንዲዘምሩት ነው የተጻፈው። ከተማችን ዳግም ትወለድ፤ ለሞቱትም ብለን ቀናችንን አክብረን እንኑር ይላል። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥር 17 ቀን ኮቤ ውስጥ ይዘመራል። አሁን የሚዘምሩት ልጆች ያኔ አልተወለዱም። በኋላ ሌሎች አካባቢዎች አደጋ ሲደርስባቸው «ኮቤ» የሚለው ቃል ወጥቶ «ፉሩሳቶ» ገባበት። ፉሩሳቶ ማለት የትውልድ ቀዬ፣ ሀገር ቤት ነው። አንድ ቃል ተቀየረና ዘፈኑ የማንም ሆነ።

መምህራንና ልጆች ደጋግመው የሚመጡት በምክንያት ነው። የጃፓን ትምህርት ቤት ውስጥ በኅብረት መዘመር ትልቅ ቦታ አለው። ክፍሎች እርስ በርስ ይወዳደራሉ። ልጆቹ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ተከፋፍለው ሳምንታት ይለማመዳሉ። ብሔራዊው ማሰራጫ ኤንኤችኬ የሚያዘጋጀው የትምህርት ቤቶች የዝማሬ ውድድር ከ1932 ጀምሮ ያለ ነው። ስለዚህ ዘፈን ጃፓን ውስጥ የሚደመጥ ብቻ አይደለም፤ በቡድን ጥርስ ተነክሶበት የሚሠራ ነገር ነው። ሰው ትልቅ ከሆነ በኋላም የአስራ አምስት ዓመቱን ዝማሬ ከነድምፅ ክፍሉ ያስታውሰዋል።

አንዱን ምሳሌ ልንገራችሁ። በ1991 ሳይታማ አውራጃ፣ ቺቺቡ ውስጥ ያለ የአንድ መካከለኛ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ኖቦሩ ኮጂማ ለተመራቂዎቹ ግጥም ጻፉ። የሙዚቃ መምህርቷ ዜማ ሰጠችው። መምህራኑ ለልጆቹ ድንገተኛ ስጦታ አድርገው አንድ ቀን ሊዘምሩት ብቻ ነበር። «ታቢዳቺ ኖ ሂ ኒ» ይባላል፤ «የመነሻችን ዕለት» እንደማለት ነው። አሁን በመላው ጃፓን በምረቃ ቀን በብዛት ከሚዘመሩት አንዱ ነው።

ምረቃ ደግሞ መጋቢት ላይ ነው። የ2011ዱም አደጋ የደረሰው መጋቢት 11 ቀን ነው።

ስለዚህ ስለ «ጉንጆ» ረዘም አድርጌ ማውራት እፈልጋለሁ። ጉንጆ ማለት ጥልቅ ሰማያዊ ቀለም ነው። ፉኩሺማ ውስጥ፣ ሚናሚሶማ ከተማ፣ ኦዳካ የሚባል መካከለኛ ትምህርት ቤት አለ። ከተበላሸው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ በ20 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ስለነበር ሕዝቡ በሙሉ ውጡ ተባለ። በዚያን ጊዜ በአንደኛው የክፍል ደረጃ 106 ተማሪዎች ነበሩ። ሁለቱን ሱናሚው ወሰዳቸው። ትምህርት ቤቱ በሌላ ሠፈር የሰው ሕንፃ ተውሶ ሲከፈት ከዚያ ደረጃ የተገኙት 7 ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ተበትነዋል። ልጆቹ አልተሰነባበቱም። አርብ ዕለት እንደ ዋዛ ነው የተለያዩት።

የሙዚቃ መምህርቷ ሚኪ ኦዳ ወዲያው ዘፈን አላስተማረቻቸውም። መዝፈን የሚችል ልጅ አልነበረም። አንድ ቀን ትልቅ የጃፓን ካርታ ዘረጉና ጓደኞቻቸው የሄዱበት ቦታ ላይ ፎቶዎቻቸውን መለጠፍ ጀመሩ። እየለጠፉ ያወራሉ። አንዱ «ሩቅ ነው» ይላል። ሌላው እዚያ እንዴት ነው የሚኬደው ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ደግሞ ሰማዩ ግን የተያያዘ ነው አይደል አለ። መምህርቷ እነዚህን ወሬዎች ትጽፍ ነበር። የሚያወሩትን፣ በየደብተራቸው የሚጭሩትን ሁለት ዓመት ሰበሰበች። ከዚያ የልጆቹን ቃል አገጣጥማ ዜማ ሰጠችው። በመጋቢት 2013 ሲመረቁ ዘመሩት።

ልጆቹ በሪያድ፣ በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ የተበተኑባት እናት ይህን ካርታ ማንም ሳያስረዳት ታውቀዋለች።

«ጉንጆ»ን ስትሰሙ ልብ የምትሉት ነገር አለ። አንድም ቦታ «በርቱ» የሚል ትእዛዝ የለም። አብረን ያደግነው እዚህ ነው፤ አሁን ርቀናል፤ ሰማዩ አንድ ነው፤ እንደገና እንገናኛለን፤ በቃ። ድምፆቹ ግን ቀስ እያሉ ይደራረባሉ። መጀመሪያ አንድ ላይ፣ ከዚያ ለሁለት፣ ከዚያ ወፍራሞቹ ከታች ይገቡና መጨረሻው ላይ ክፍሉን ይሞላሉ። ተስፋውን የሚናገረው ቃሉ ሳይሆን የድምፁ ብዛት ነው። ሰባት ብቻ ቀርተው ለነበሩ ልጆች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

«ሃና ዋ ሳኩ» ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዷል። «አበባ ያብባል» ማለት ነው። ኤንኤችኬ በ2012 ለተጎጂዎች መርጃ ያወጣው ዘፈን ነው። ግጥሙ የፊልም ዳይሬክተሩ የሹንጂ ኢዋይ፣ ዜማው የዮኮ ካንኖ ነው። ሁለቱም ክፉኛ በተመታው አውራጃ፣ ሴንዳይ የተወለዱ ናቸው። ከአካባቢው የወጡ ታዋቂ ሰዎች እያንዳንዳቸው አበባ ይዘው አንዳንድ መስመር ይዘፍኑታል። ጸጥ ያለ ነው፤ በመጀመሪያ ጆሮ ተራ የናፍቆት ዘፈን ይመስላል። ግን የሚናገረው ማን ነው? ኢዋይ እንዳስረዳው ተናጋሪው የሞተው ሰው ነው። የተረፈውን ሰው ታሪክ መስማት እንችላለን፤ የሞተውን ግን መስማት አንችልም ከሚል ሐሳብ የተነሳ ነው። የሞተው ሰው ሕልም ነበረኝ፣ የምወደው ሰው ነበር ይላል። ከዚያ ገና ላልተወለደው ልጅ አበባ ያብብልሃል ይላል። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ድጋሚ ስሙት፤ ሌላ ዘፈን ነው።

የግል ጭንቀትን የያዙም አሉ። በ2008 አንጄላ አኪ ለዚያው የትምህርት ቤቶች ውድድር «ቴጋሚ» የሚል ዘፈን ሠራች፤ «ደብዳቤ» ማለት ነው። መነሻው እውነተኛ ደብዳቤ ነው። ልጅ ሳለች ለወደፊቷ ለራሷ የጻፈችውን እናቷ አስቀምጣ 30 ዓመት ሲሞላት ላከችላት። በዘፈኑ የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ማንን ልመን ብሎ ለወደፊቱ ለራሱ ይጽፋል። ትልቁ ሰውም ይመልስለታል። የሚመልስለትን ነው የምወድደው። «ሁሉም ያልፋል» አይለውም። እኔም ትልቅ ሆኜ እጎዳለሁ፣ እንቅልፍ የማጣባቸው ሌሊቶች አሉኝ ነው የሚለው። ልጁን የሚያጽናናው መልስ የሚጽፍለት ሰው በሕይወት መኖሩ ነው።

ሞቅ ያለ ለሚፈልግ «ማኬናይዴ» አለ፤ ዛርድ በ1993 ያወጣችው። «አትሸነፍ» ማለት ነው፤ አነጋገሩ ግን ትእዛዝ ሳይሆን ልመና ነው፤ ብርቅም ልቤ አጠገብህ ነው እያለች ነው የምትለምነው። የጃፓን ኢኮኖሚ ወድቆ ወጣቱ ሥራ ባጣበት ዘመን ስለወጣ የዚያ ትውልድ መዝሙር ሆኗል። ጠንከር ያለ ለሚፈልግ ደግሞ የሚዩኪ ናካጂማ «ፋይቶ» አለ፤ የ1983 ነው። አንዲት ትምህርቷን ያቋረጠች ልጅ ሥራ ቦታ የደረሰባትን ንቀት ጽፋ ለናካጂማ የሬዲዮ ፕሮግራም ከላከችው ደብዳቤ ተነስቶ የተሠራ ነው። የሚታገሉትን የሚስቁባቸው የማይታገሉት ናቸው ይላል። በግሌ ቁጣ ያለበት ማጽናኛ አንዳንዴ ከሁሉም ይበልጣል እላለሁ።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1945 መጸው ጃፓን ተሸንፋ፣ ቶኪዮ አመድ ሆና፣ ሕዝቡ ተርቦ እያለ በአንድ ፊልም ውስጥ ስለ ፖም የሚዘፍን ዘፈን ወጣ። «ሪንጎ ኖ ኡታ» ይባላል። ስለ ጦርነቱ አንዲት ቃል የለውም። ቀይ ፖም፣ ሰማያዊ ሰማይ፤ ፖሟ ባትናገርም ስሜቷ ይገባኛል። ያቺ ደስ የሚል ድምፅ ያላት ዘፋኝ ሚቺኮ ናሚኪ በዚያው ዓመት መጋቢት በቶኪዮ የአየር ድብደባ እናቷን አጥታለች።

የመጨረሻው ሰው ሠዓሊው ታካሺ ያናሴ ነው። በ1919 ተወለደ፤ በ2013 ሞተ። ወጣት ሳለ ወታደር ሆኖ ቻይና ዘመተ። እዚያ ረሃብን አየ። ታናሽ ወንድሙ ባሕር ላይ ቀረ። ከጦርነቱ በኋላ ያናሴ «ፍትሕ» የሚባለውን ቃል ማመን አቃተው፤ ትናንት ፍትሕ የተባለው ዛሬ ወንጀል ሆነ። የማይገለባበጥ አንድ ነገር ቢኖር የተራበን ማብላት ነው ብሎ ያዘ። ከዚህ «አንፓንማን» ተወለደ። ጭንቅላቱ ዳቦ ነው፤ ውስጡ በስኳር የተቀቀለ ቀይ አደንጓሬ አለው። የተራበ ሰው ሲያገኝ ከፊቱ ቆርሶ ያበላዋል። በ1988 የቴሌቪዥን ካርቱን ሲሆን የመግቢያውን ዘፈን ግጥም ራሱ ያናሴ ጻፈ። የሕፃናት ዘፈን ነው፤ ግን ለምን ተወለድክ፣ ምን እያደረግህ ትኖራለህ ብሎ ይጠይቃል። በ2011 ከሱናሚው በኋላ ይህን ዘፈን ክፈቱልን የሚል ጥያቄ ወደ ሬዲዮ ጎረፈ። ልጆቹ ለመዝፈን፣ ወላጆቹ ግጥሙን አሁን ገና ለመስማት።

ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት፣ በ1961፣ ያናሴ ሥራ ተቀዛቅዞበት ስሙ የማይታወቅ ሠዓሊ ነበር። ሌሊት ብቻውን ተቀምጦ እጁን መብራት ላይ ሲያደርግ ጣቶቹ መሀል ቀይ ደም ሲያበራ አየ። ልቡ ቢወድቅም ደሙ እየሠራ ነው። «ቴኖሂራ ኦ ታይዮ ኒ» የሚለውን ግጥም ያኔ ጻፈው፤ «መዳፍን ወደ ፀሐይ» ማለት ነው። የምንዘፍነው በሕይወት ስላለን ነው ይላል። የምናዝነውም በሕይወት ስላለን ነው ይላል። ከዚያ የምድር ትሉን፣ እንቁራሪቷን፣ ንቧን አንድ በአንድ እየጠራ ሁላችንም ሕያዋን ነን፣ ጓደኛሞች ነን ይላል። የጃፓን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ማታ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና መዳፋችሁን ግጠሙበት። ክፍሉ ጨለማ ይሁን። ጠርዙ ላይ፣ ጣቶቻችሁ በሚገናኙበት ቦታ፣ ቀዩ ይታያል።